ጎታችና ቁጡ ውሻ በምን ይታሰር? የደረት ማሰሪያ፣ የፊት ልባብና የአፍ ቅርጫት ሲመዘኑ

40 ኪሎ የሚመዝን የጀርመን ሼፐርድ ድቅል በአንገት ማሰሪያ ብቻ ታስሮ ሲወጣ ነገሩ የሚበላሸው ገና ከግቢው በር ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳያልቅ ገመዱ ይወጠራል። የያዘው ሰው እንዳያመልጠው ገመዱን መዳፉ ላይ ሁለት ዙር ይጠመጥማል። ጥግ ላይ ተኝቶ የነበረ የሰፈር ውሻ ቀና ያለ እንደሆነ ደግሞ ውሻው በኋላ እግሩ ቆሞ፣ እየታነቀና ለሃጩን እያዝረበረበ ይጮኻል። ያ መዳፍ ላይ የተጠመጠመ ገመድ ጣት ይሰብራል፣ ትከሻ ያወልቃል። ያዡን ጥሎት ከሄደማ መዘዙ ለሰፈር ይተርፋል።

እንዲህ ያለ ውሻ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልግዛለት?» ብሎ ነው። ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳው ዕቃዎች ሦስት ዓይነቱን እዚህ እንመዝናለን፦ ፍሪደም ኖ-ፑል የሚባለውን ባለ ሁለት ቀለበት የደረት ማሰሪያ፣ ጀንትል ሊደርና ሃልቲ የሚባሉትን የፊት ልባቦች፣ እንዲሁም ባስከርቪል አልትራ የተባለውን የአፍ ቅርጫት። አዲስ አበባ ላለ ሰው እነዚህ ብዙውን ጊዜ የሚደርሱት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። ልኩ ተሳስቶ ከመጣ መመለሻ የለውም፤ ልክ ላይ አጥብቀን የምንናገረው ለዚህ ነው።

ፍርዱን እናስቀድም። ለአብዛኛው ጎታች ውሻ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው የደረት ማሰሪያው ነው። ልባቡ የያዡ ጉልበት ከውሻው ጋር ለማይመጣጠንበት ቤት ይሁን። ቅርጫቱ ነክሶ ለሚያውቅ ወይም ይነክሳል ተብሎ ለሚፈራ ውሻ የግድ ነው። ሦስቱም ብቻቸውን ውሻ አያሠለጥኑም። ሥልጠናው የሚካሄድበትን ፋታ ይሰጣሉ፤ በፋታው ያልተጠቀመ ሰው ከስድስት ወር በኋላም ያንኑ ጎታች ውሻ ይዞ ነው የሚወጣው።

የግቢ ጠባቂ ውሻ ብዙውን ጊዜ ቀን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ተለቆ ያደገ ነው። ሌላ ውሻ የሚያውቀው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት አፍንጫውን አስገብቶ ሲጮኽበት ነው። በሱ ቤት ጩኸቱ ሁልጊዜ ሠርቶለታል፤ ሲጮኽ አላፊው ያልፋል። ጎልምሶ መንገድ ሲወጣም ያንኑ ይደግማል። ገመድ ሲታከልበት ይብሳል። ያልታሰረ ውሻ ፈርቶ ዞር ማለት፣ በጎን መቅረብ፣ መሬት እያሸተተ ነገሩን ማብረድ ይችላል፤ የታሰረው ግን ፊት ለፊት ከመጋፈጥ በቀር መላ የለውም። ያዡ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር ገመዱን ሰብሰብ ሲያደርግ ደግሞ፣ ገመድ ሲጠብቅ አደጋ እንዳለ ውሻው ይማራል። እንግዲህ ጥሩ ማሰሪያ የሚባለው ጉሮሮ የማያንቅ፣ ሕመም የማይጨምርና ገመዱ ላላ ብሎ እንዲቆይ የሚያስችል ነው።

አንድ ነገር ከግዢው በፊት፦ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። የጆሮ ቁስል፣ የጥርስ ሕመም፣ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ውሻን ቁጡ ያደርጋሉ። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ክትባቱ ያልታደሰ ውሻ ለልምምድ ተብሎ ከግቢ አይወጣም።

የደረት ማሰሪያው

ፍሪደም ኖ-ፑል የአሜሪካው ቱ ሃውንድስ ዲዛይን ሥራ ነው። አንድ ቀለበት ደረት ላይ፣ ሌላ ቀለበት ጀርባ ላይ አለው። የጀርባው ቀለበት ሲሳብ ጠበቅ፣ ሲለቀቅ ላላ በሚል ዙር ላይ የተያያዘ ነው። ከፊት እግሮች ኋላ የሚያልፈው ክፍል በከፋይ ተለብጧል፤ ብብት የሚላጠው እዚያ ጋ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጀርባው ብቻ የታሰረ ውሻ እንደ ጋሪ ፈረስ ደረቱን ሰጥቶ ይጎትታል። ከደረቱ ሲያዝ ግን በጎተተ ቁጥር ገላው ወደ ያዡ ይዞራል፤ ጉልበቱን ወደፊት ማሰለፍ ያቅተዋል። ከማሰሪያው ጋር ባለ ሁለት መንጠቆ ገመድ ግዙ፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ይበቃል። አንዱን መንጠቆ ደረቱ ላይ፣ ሌላውን ጀርባው ላይ አያይዙ። ውሻው በግራ የሚሄድ ከሆነ ግራ እጃችሁ ገመዱን ከውሻው ቀረብ ብሎ፣ ቀኝ እጃችሁ እጀታውን ይያዝ። በጀርባው ፍጥነቱን ትይዛላችሁ፣ በደረቱ አቅጣጫውን ትመራላችሁ። የሚጠቀለልና የሚተረተር ባለ ሳጥን ገመድ ለእንዲህ ዓይነቱ ውሻ አይሆንም፤ ሁልጊዜ በትንሹ እንደተወጠረ ስለሚቆይ መጎተትን ራሱ ያስተምራል።

ልኩን በልብስ ሰፊ ሜትር ውሰዱ። ከፊት እግሮቹ ኋላ፣ ደረቱ ሰፊ በሆነበት በኩል ዙሪያውን ለኩና ቁጥሩን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር አመሳክሩ፤ «ትልቅ ውሻ ነው» ብሎ ትልቁን ማዘዝ የተለመደ ስህተት ነው። ከታሰረ በኋላ በየትኛውም ማሰሪያ ሥር ሁለት ጣት ጠፍጠፍ ብሎ መግባት አለበት። በብብቱና በሆድ ማሰሪያው መካከል ሦስት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። የደረቱ ማሰሪያ የደረት አጥንቱ ላይ ይረፍ፤ ወደ ታች ወርዶ የትከሻው መገጣጠሚያ ላይ ከተቀመጠ ውሻው እግሩን ዘርግቶ መራመድ ያቅተዋል። የዚህ ዕቃ ዋና ድክመትም ይኸው ነው። ደረትን አግድም የሚያቋርጥ ማሰሪያ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ለሚቆይ ልምምድ ምንም አይል፤ በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሮጥ ውሻ ግን በአንገትና በትከሻ መካከል ቁልቁል የሚወርድ ቅርጽ ያለው፣ ፊቱ ላይ ቀለበት ያለበት ማሰሪያ ይሻለዋል።

የሚበላሸውም በታወቀ መንገድ ነው። የደረቱ ቀለበት ወደ አንድ ጎን እየዞረ ካስቸገረ የሆዱ ማሰሪያ ላልቷል። ገመዱ በእግሩ ሥር ከገባ አትጎትቱ፤ ቁሙና እግሩን አውጡለት፣ አለዚያ ይጥለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ውሻው ደንግጦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ራሱን አጎንብሶ ከማሰሪያው መውጣቱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ከደረቱ ቀለበት ወደ አንገት ማሰሪያው የሚሄድ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጭር ማያያዣ ነው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይይዛል። ግቢ ሲገባ ማሰሪያው ይውለቅ። ለብሶት የዋለ ውሻ ገላው ይላጣል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ያኝከዋል።

ከውጭ የሚያመጣ ሰው የሌለው በቆዳ ሠራተኛ ማሰፋት ይችላል። ጠፍሩ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ከውስጥ በለስላሳ ነገር ይለበጥ። ቀለበቱ ጫፉ የተበየደ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። ሽቦው ተጠምዝዞ ጫፍ ለጫፍ የገጠመ ብቻ ከሆነ 40 ኪሎ ሲወረወርበት ይከፈታል።

የፊት ልባቡ

የበቅሎ ልባብ ያየ ሰው ጀንትል ሊደርን ለመረዳት አይቸገርም፤ ልጓም የሌለው ልባብ ማለት ነው። አንዱ ጠፍር ከጆሮ ሥር ከፍ ብሎ አንገትን ይዞራል፣ ሌላው አፍንጫን፤ ገመዱ ከአገጭ ሥር ይያያዛል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሐኪም አር ኬ አንደርሰን ከአሠልጣኟ ሩት ፎስተር ጋር ሆነው ያወጡት ነው። ሃልቲ ደግሞ የእንግሊዛዊው ሮጀር ማግፎርድ ሥራ ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ሐሳብ ነው፦ ራስ ወደ ዞረበት ገላ ይከተላል። 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 40 ኪሎ ውሻ በሁለት ጣት የምታዞርበት ዕቃ ከዚህ ሌላ የለም።

ሆኖም ጥንቃቄው ይበዛል። ብዙ ሰው ከልኩ አንጻር ነገሩን ገልብጦ ያስረዋል፤ አፍንጫውን አጥብቆ አንገቱን ያላላል። ትክክሉ ተቃራኒው ነው። የአንገቱ ጠፍር አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፣ ከጆሮ ሥር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የአፍንጫው ቀለበት ወደ እርጥቡ የአፍንጫ ጫፍ እስኪደርስ መንሸራተት ይችል፣ ግን አልፎ አይውጣ። በዚህ ልክ የታሰረ ውሻ ማለክለክ፣ ውኃ መጠጣት፣ መጮኽ፣ መንከስም ይችላል። ልባብ የአፍ መዝጊያ እንዳልሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ።

ሁለተኛው ስህተት ገዝቶ በመጣበት ቀን አስሮ መውጣት ነው። ውሻው መሬት ላይ እየተንከባለለ ፊቱን በመዳፉ ይፍቃል፤ ባለቤቱም «አልወደደውም» ብሎ ይተወዋል። መለማመጃው ሳምንት እስከ አሥር ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀለበቱን በእጃችሁ ክፈቱና ጉርሻውን በወዲያኛው በኩል ስጡት፤ አፍንጫውን ራሱ አሾልኮ ይውሰድ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን አፍንጫውን እንዳስገባ አምስት ሰከንድ ያህል ደጋግማችሁ አጉርሱት። ቀጥሎ ዘለበቱን ቆልፋችሁ ምግቡን እየበላ ይቆይ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ጥቂት እርምጃ። ፊቱን መፋቅ ከጀመረ ፈጥናችኋል፤ አንድ ደረጃ ተመለሱ።

ሦስተኛው አደገኛው ነው። ውሻው በፍጥነት ተወርውሮ የገመዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ራሱ በኃይል ይጠመዘዛል፣ አንገቱም ይጎዳል። ስለዚህ ልባብ የለበሰ ውሻ በረጅም ገመድ አይታሰርም፣ ልባቡም በድንገት አይነጠቅም። ገመዱ አጭር ሆኖ ላላ ይበል፤ ከልባቡ ወደ አንገት ማሰሪያውም ትርፍ ማያያዣ ይኑር። አፍንጫው ደፍጣጣ ለሆነ ዝርያ ዕቃው ጨርሶ አይሆንም።

የአፍ ቅርጫቱ

ባስከርቪል አልትራ ከላስቲክ መሰል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲነከር ይለሰልሳል፤ በውሻው አፍ ቅርጽ ካበጃችሁት በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ይጠነክራል። ውሻው ለብሶት አፉን ከፍቶ ማለክለክ፣ ውኃ መጠጣትና በቀዳዳው ጉርሻ መቀበል ይችላል፤ ዋናው ፈተና ይህ ነው። ሱቅ የሚሸጠው አፍን ጭምቅ አድርጎ የሚዘጋው የጨርቅ ዓይነት ሐኪም ቤት ለጥቂት ደቂቃ ካልሆነ በቀር አይታሰርም። ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው በማለክለክ ነው፤ አፉ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የሚሄድ ውሻ ሊሞት ይችላል።

ቅርጫቱን ልክ እንደ ልባቡ አለማምዱት፤ ውስጡን በተፈጨ ጉበት ቀብታችሁ ራሱ አፉን እንዲከት ጠብቁ። አንድ ነገር አትርሱ፦ ቅርጫት የለበሰ ውሻ የሰፈር ውሾች ቢከቡት ራሱን መከላከል አይችልም። ቅርጫት አለው ብላችሁ ወደ ሌሎች ውሾች አታቅርቡት።

ስለ ባለ ጥርስ ሰንሰለትና በኤሌክትሪክ ስለሚነዝረው ማሰሪያ በአጭሩ፦ አትግዙ። ጩኸቱን ለጊዜው ያቆሙ ይሆናል፤ ውሻው የሚማረው ግን ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱን እንደሚወጋው ነው። ፍርሃቱ ይጨምራል፤ ማጉረምረሙን የተቀጣ ውሻ ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይጀምራል፤ አንዳንዱም በሕመሙ ዞሮ የያዡን እግር ይይዛል። ዌልስ የኤሌክትሪኩን በ2010 ከልክላለች፤ ጀርመን ባለ ጥርሱን ለሥልጠና መጠቀምን ከ2022 ጀምሮ አግዳለች። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ በሽልማት ማሠልጠንን ነው የመከረው። (እነዚህ ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉርሻውና ርቀቱ

ዕቃው ተገዝቶ ልኩ ከተስተካከለ በኋላ ያለው ሥራ ይህ ነው። ደረቅ የውሻ ምግብ ለመንገድ አይበቃም፤ ሽታው የሚጠራ ነገር ያስፈልጋል። የበሬ ጉበትና ሳንባ ተቀላቅሎ ምርጥ ነው፤ ጉበት ብቻውን በየቀኑ ሲበዛ ሆድ ያበላሻል። ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፍላ። በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው ውኃ የቋጠረ እጢ የኮሶ ዘር ትል ልጅ ነው፤ ጥሬውን የበላ ውሻ ትሉን አሳድጎ እንቁላሉን ለቤተሰቡ ያተርፋል። ሥጋው ከመቀቀል በቀር ሌላ ነገር አይግባበት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ናቸው፣ ስለዚህ የወጥ ትራፊ ጉርሻ አይሆንም። ከዚያ የሽምብራ ፍሬ በምታክል መጠን ይከተፍ። ለ15 ደቂቃ ልምምድ 100 ቁራጭ ያህል ያዙ፤ የዚያን ያህል ከምሳው ቀንሱ። ዓቢይ ጾም ሲገባ ብዙ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ ስለዚህ ከቅበላ በፊት ሳንባ ቀቅሎ፣ በስሱ ቆራርጦ፣ በምድጃ እስኪሰባበር ማድረቅ ነው። እንዲህ የደረቀው ርጥበት ካላገኘው ይቆያል።

መጀመሪያ ግቢ ውስጥ «ጎበዝ» የሚለው ቃል ዋጋ ይኑረው። ቃሉን ተናገሩና በአንድ ሰከንድ ውስጥ አጉርሱ፤ 20 ጊዜ፣ ለሦስት ቀን። ቀጥሎ «እንሂድ» ብላችሁ ፊታችሁን ማዞርና ተከትሎ ሲዞር ማጉረስ። ይህ መዞር መንገድ ላይ የሚያድናችሁ ስለሆነ ውሻው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የሚያደርገው እስኪመስል ድረስ ይለመድ። ከዚያ በሩ። በሩን አንድ ስንዝር ክፈቱ፤ ከተወረወረ ዝጉት፤ ገመዱ ሲላላ እንደገና ክፈቱ። የመጀመሪያው ቀን ልምምድ በሙሉ በሩ ላይ ቢያልቅ ምንም አይደለም።

መንገድ ላይ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በርቀት ነው። ከተኛ ወይም ከቆመ ውሻ 50 ሜትር ያህል ራቁ። ውሻችሁ አየው? «ጎበዝ» በሉና አጉርሱ። እንደገና አየ፣ እንደገና አጉርሱ። ያኛው ውሻ ከዓይን ሲጠፋ ጉርሻውም ይቁም፤ ጉርሻ የሚያመጣው የዚያ ውሻ መታየት እንደሆነ የሚገባው እንዲህ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ሁሉም ይፈርሳል። ጉርሻውን አስቀድሞ ያሳየ ሰው ኪሱን የሚመለከት ውሻ ያወጣል፤ ከጮኸ በኋላ የሰጠ ደግሞ ዘግይቷል።

ከመፈንዳቱ በፊት ውሻው ይናገራል። ሲያለከልክ የነበረ አፉ ክድን ይላል፣ ጆሮው ወደፊት ይቆማል፣ ክብደቱ ወደ ፊት እግሮቹ ይሄዳል፣ ጉርሻውን እምቢ ይላል ወይም ጣታችሁን ጨምሮ ይነጥቃል። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀርባችኋል፤ «እንሂድ» ብላችሁ ዙሩ። በዚያ ሰዓት «ቁጭ» ብሎ ማስገደድ ምንም አይፈይድም፤ ቁጭ ብሎ የሚንቀጠቀጥ ውሻ የተረጋጋ ውሻ አይደለም። በአንድ ርቀት አምስት ጊዜ ያለ ጩኸት ከሆነለት 3 ሜትር ቅረቡ። ከፈነዳ ደግሞ አትቆጡት፤ ወደ ቤት ግቡ፣ በማግሥቱ ከግቢ አይውጣ፣ ጉበቱን ሣር ላይ በትናችሁለት እያሸተተ ይልቀም። የናረ መንፈስ ቶሎ አይወርድም፤ በዚያው ቀን ደግሞ ማውጣት ያለፈውን ሳምንት ሥራ ያጠፋል።

የሰፈር ውሾች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ሌሊትና ማለዳ ነው። ረፋዱ ላይ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ግድም፣ ፀሐይ ላይ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ለልምምድ የሚመቸው ያኔ ነው። ተነስቶ የሚመጣ ካለ አንድ እፍኝ ጉርሻ ወደ እሱ በትናችሁ ዙሩ። ድንጋይ ለማንሳት ጎንበስ ማለት የሰፈር ውሻን ያስቆም ይሆናል፤ በድንጋይ ተመትቶ የሚያውቅ ከሆነ ግን የራሳችሁም ውሻ ይበረግጋል። ዋሽንግተን አካባቢ አፓርታማ ውስጥ ውሻ ላላቸው ወገኖች ደግሞ ፈተናው አሳንሰሩ ነው። በሩ ሲከፈት ሌላ ውሻ በአንድ ሜትር ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ቆማችሁ፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት የውሻውን ፊት ወደ እናንተ አዙሩ፤ ደረጃ ካለ ደረጃውን ምረጡ።

ቤት ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ሠልጥኖ ሌላው ካልሠለጠነ ድካሙ ከንቱ ነው። ዘበኛው፣ ልጆቹ፣ ሠራተኛዋ ሁሉ አንድ ቃል ይጠቀሙ፤ በር ላይ ሲጮኽ የሚቆጣው ሰው መቆጣቱን ትቶ ይጥራውና ያጉርሰው። ቀኑን በአጭር ሰንሰለት የሚውል ከሆነ ደግሞ ማታ የሚሰጠው 15 ደቂቃ ምንም አያነሳም፤ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ይፈታ።

ውሻው ሌላ ውሻ አይቶ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ራሱ ፊቱን ወደ እናንተ መመለስ ሲጀምርና ይህ ለሦስት ሳምንት ሲጸና፣ የደረቱን መንጠቆ ፈትታችሁ በጀርባው ቀለበት ብቻ መሄድን ሞክሩ፤ መጀመሪያ ግን በለመደው መንገድና ረፋድ ላይ። ገመዱ ከተወጠረ መንጠቆውን መልሱት። እግረ መንገዳችሁን የሁለቱንም ቀለበቶች ስፌት በጣታችሁ ዳስሱ፤ ክሩ መተርተር ከጀመረ ማሰሪያው ለመንገድ አይሆንም።